ስለ ዱር ዕፅዋት ምግብ፤ ናይትሮጅን በአራቱ ወቅቶች

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዓመቱ በአራት ክፍል ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ይባላል። ይህን ቍጥር የማያውቅ ተማሪ በጕባኤው የለም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ወቅት ከእግር በታች ባለው አፈር ውስጥ ምን እንደሚደረግ፣ ዘሪና ኰትኳች የሌለው የዱር ተክልም ምግቡን ከወዴት አግኝቶ እንደሚኖር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በግንቦት ወይም በሰኔ የመጀመሪያው ዝናም በወረደ በሳምንቱ ደርቆ የከረመው ሜዳ ይለመልማል። ማንም ፍግ አላፈሰሰበትም፤ ማንም ማዳበሪያ አልበተነበትም። ገበሬው ገና ዘሩን ሳይዘራ የዱሩ ሣር ጠቈር ብሎ እስኪታይ ድረስ አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ስለ ምን ነው ቢሉ ስለ ዝናሙ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የእውነቱ እኩሌታ ነው። ምክንያቱ ዝናም ብቻ ቢሆን ኖሮ ውኃ በሚበዛበት በሐምሌና በነሐሴ ያው ሣር ይበልጥ ሊለመልም በተገባው ነበር። ሆኖም ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ በነሐሴ የሚታየው ሣር ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው። ውኃ ሳይጐድል ሌላ ነገር ጐድሏል። እርሱም ከሁሉ አስቀድሞ ናይትሮጅን ነው።

ወቅት ደግሞ በየአገሩ አንድ አይደለም። ከቀይ ባሕር ማዶ በጅዳ ከተማ፣ በኒ ማሊክ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ በሐምሌ ወደ ሰማይ ቢመለከት ዝናም ያዘለ ደመና አያገኝም፤ በዚያ አገር ዝናሙ የሚጠበቀው ከኅዳር እስከ ጥር ነውና። ስለዚህ ነገሩ በኢትዮጵያ ደጋ ይጀመርና ተራው ሲደርስ ወደዚያ በረሓ ይሻገራል፤ በአንዱ አገር የተሰወረው በሌላው ይገለጣልና።

ናይትሮጅን በራሱ ሲታይ ከነፋስ ወገን ነው። ሰው ከሚተነፍሰው አየር ከ100 እጅ 78ቱ እርሱ ነው። ፈረንሳዊው ላቯዚዬ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ አዞት ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ ከጽርዕ የወጣ ሲሆን ሕይወት የሌለው ማለት ነው፤ እንስሳ በእርሱ ብቻ ውስጥ ቢዘጋበት ይሞታልና። ስሙ በዚህ ወገን ትክክል ሲሆን በሌላው ወገን ግን ከእርሱ የራቀ ስም አልተገኘም። በሥጋ፣ በወተት፣ በባቄላ፣ በቅጠል ያለው ፕሮቲን ሁሉ ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ቀለምም ናይትሮጅንን በውስጡ የያዘ ነው፤ የተራበ ተክል ቢጫ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ዛፍ በዚህ ሁሉ ናይትሮጅን መካከል ቆሞ ስለ ምን ይራባል ቢሉ፤ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ በሦስት ጠንካራ ማሰሪያ የተቋጠረ ስለ ሆነ ቅጠል ሊፈታው አይችልም። ጎተራው ሞልቶ ቍልፉ እንደ ጠፋበት ሰው ነው። ተክል ናይትሮጅንን የሚቀበለው በሥሩ ነው፤ ይኸውም በአፈሩ ውኃ ሟሙቶ፣ ይበልጡን በሁለት መልክ ሆኖ ሲቀርብለት ነው። አንደኛው አሞኒየም ይባላል፤ ይህ ከሸክላማ አፈር ጋር ይጣበቃል፤ በቀላሉም አይታጠብም። ሁለተኛው ናይትሬት ይባላል፤ ይህን አፈሩ አይዘውም፤ ውኃ ወደ ሄደበት ይሄዳል። ሁለቱም የሚገኙት ከሞተ ነገር ነው፤ ከረገፈ ቅጠል፣ ከደረቀ ሥር፣ ከፋንድያ፣ ከሞተ ትልና ነፍሳት። እነዚህን እየፈጩ ለሥር የሚሆን ምግብ የሚያደርጉት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን፣ ባክቴሪያና ፈንገስ የሚባሉት ናቸው።

ወፍጮው ግን ዓመቱን ሙሉ እኩል አይፈጭም። በደረቅ አፈር ይቆማል፤ በእርጥብ አፈር ይሠራል፤ ውኃ ሲበዛበት ደግሞ ይታወካል። ስለዚህ ምግቡ የሚገኘው ተክሉ በፈለገው ጊዜ ሳይሆን አፈሩ በሰጠው ጊዜ ነው። አዝርዕትን ገበሬ ይጠብቃቸዋል፤ የዱር ተክል ግን የሚጠብቀው ስለሌለ ኑሮው በሙሉ ጊዜን በማወቅ ላይ ተመሥርቷል።

የዓመቱ መባቻ መስከረም ቢሆንም የዚህ ነገር መነሻው ጸደይ ነው። በወሎና በሰሜን ሸዋ በልግ በሚያገኛቸው ቦታዎች ቀደም ይላል፤ በጎጃምና በጎንደር እስከ ግንቦትና ሰኔ ይዘገያል። በበጋው ድርቀት በአፈር ውስጥ ካሉት ጥቃቅን ሕያዋን ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የቀሩት ያንቀላፋሉ። የሞቱት ሬሳቸው በዚያው ይቀመጣል፤ የደረቀው ሥርና ቅጠልም ሳይበሰብስ ይቈያል። የመጀመሪያው ዝናም ሲወርድ ያንቀላፉት በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፤ የተከማቸውንም መብላት ይጀምራሉ። ሬሳው በናይትሮጅን የበለጸገ ነውና ለሰውነታቸው ከሚፈልጉት የተረፈውን በአሞኒየም መልክ ወደ አፈሩ ይለቃሉ። ሌሎች ባክቴሪያዎች ይህን ተቀብለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በመጀመሪያው ዝናም ከአፈር የሚነሣው መዓዛ እንኳ በአብዛኛው ከእነዚሁ ሕያዋን የሚወጣ ነው።

በርች የተባለ ተመራማሪ በኬንያ ሙጉጋ በሚባለው ቦታ ሲሠራ ይህን ነገር በመመርመር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1958 ጽሑፉን አወጣ። የደረቀ አፈር ዳግመኛ ሲርስ ናይትሮጅንን በድንገትና በብዛት እንደሚለቅ፣ ድርቀቱ በጸና መጠንም የሚለቀው እንደሚበዛ ገለጸ። ነገሩ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት እንግዳ ይመስላል፤ ሰው ሁሉ እንደ ጥፋት የሚቈጥረው የበጋ ድርቀት ለጸደይ ማዕድ አዘጋጅ ሆኖ ተገኝቷልና።

ማዕዱ ግን አይቈይም። በጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ በጥቂት ሳምንታት ያልፋል። ማን ቀድሞ ይመገባል ቢሉ፤ ሥሩን ከአፈር በታች ሕያው አድርጎ የከረመ ነው። ሰርዶ ከላይ ደርቆ የሞተ ቢመስልም ግንዱ ከመሬት ጋር ተጋድሞ፣ ሥሩ በየአንጓው ተተክሎ ይጠብቃል፤ ዝናሙ በነካው በማግስቱ አዲስ ሥር ማውጣት ይጀምራል። ከዘር የሚበቅለው ተክል ግን አስቀድሞ መብቀል፣ ሥር መስደድ አለበት፤ እስከዚያው ድረስ በዘሩ ውስጥ እናቱ ባስቀመጠችለት ስንቅ ይኖራል። ሜዳው ከእርሻው ቀድሞ የሚጠቍረው በዚህ ምክንያት ነው። በታረሰውና ባዶ በሆነው ማሳ ላይ ያው ናይትሬት ይወለዳል፤ የሚቀበለው ሥር ግን የለም። ተከታዩ ከባድ ዝናም ሲመጣ ይዞት ይወርዳል። በዚህ ነገር የዱሩ ሣር ከገብሱ ይልቅ ብልህ ነው ቢባል ያለ አግባብ አይሆንም፤ ገብሱ ግን የሰውን ቀን እንጂ የራሱን ቀን አልመረጠም።

ከጊዜው ሌላ ቦታውን የሚመርጥም አለ። ሳማ ከሁሉ ይልቅ ናይትሮጅንን የሚወድ ተክል ነው። በበረት ዙሪያ፣ በአጥር ሥር፣ ፍግ በሚጣልበት ጓሮ፣ በፈረሰ ቤት ፍራሽ ላይ ይበቅላል። አላፊ መንገደኛ በሜዳ መካከል ሳማ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ቢያይ በዚያ ከብት ያደረበት ወይም ሰው የኖረበት እንደ ነበረ ሊገምት ይችላል፤ ቤቱ ጠፍቶ ጣራው ከበሰበሰ በኋላ እንኳ አፈሩ ያስታውሰዋል። በኢትዮጵያ ደጋ ያለው የሳማ ዓይነት በሌላ አገር የማይገኝ ነው። ጐተራ በሚጐድልበት በክረምት ወራት ሰው ቅጠሉን ቀቅሎ ይመገበዋል፤ ቅጠሉ በፕሮቲን የበለጸገ ነውና ሆድን ብቻ የሚሞላ ምግብ አይደለም። ከበረቱ ወጥቶ የጠፋ መስሎ የነበረው ናይትሮጅን በዚህ መንገድ ወደ ሰው ማዕድ ይመለሳል።

ክረምት በገባ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ናይትሬት ከአፈር ጋር አይጣበቅም ተብሏል፤ ስለዚህ በሐምሌ የሚወርደው ዝናም ወደ ታች፣ ሥር ወደማይደርስበት ያሰርገዋል፤ ወይም ወደ ወንዝ ይወስደዋል። በዋልካ መሬት ደግሞ ሌላ ጥፋት አለ። ዋልካ በረጠበ ጊዜ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ውኃው በላዩ ይተኛል፤ አየርም ወደ ውስጥ አይገባም። በዚያ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተነፍሱት ኦክሲጅን ሲጠፋባቸው በናይትሬት ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይወስዳሉ፤ ናይትሮጅኑም ተፈትቶ ወደ መጣበት ወደ ነፋስ ይመለሳል። በነሐሴ ውኃ በተኛበት ሜዳ የሚታየው ቢጫ ሣር ምሥጢሩ ይህ ነው።

አንዳንድ ሰው መብረቅ ምድርን ያወፍራል ይላል። ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የመብረቅ ኀይል የአየሩን ናይትሮጅን ፈትቶ ከኦክሲጅን ያጋጥመዋል፤ ከዝናሙም ጋር ይወርዳል። ነገር ግን መጠኑ ጥቂት ስለ ሆነ ሜዳን ያጠግባል ማለት አይቻልም።

በዚህ በራብ ወራት፣ በዚያው በረጠበ ሜዳ ላይ፣ ማገጥ ለምልሞ ይታያል። ጎረቤቱ ሣር ቢጫ ሆኖ እርሱ አረንጓዴ የሆነበትን ምክንያት የሚፈልግ አንዱን ከነሥሩ ቀስ ብሎ ነቅሎ፣ አፈሩን በውኃ አጥቦ ይመልከት። በቀጫጭን ሥሮቹ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ወይም ከዚያ ከፍ ያሉ እባጮች ያገኛል። እባጩ ደዌ አይደለም። በውስጡ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ማገጡ ስኳር ይሰጠዋል፤ እርሱም የአየሩን ናይትሮጅን ፈትቶ ለማገጡ ይሰጠዋል። እባጩ በጥፍር ቢሰነጠቅና ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ቢገኝ ሥራው በመካሄድ ላይ ነው፤ ቀዩ ቀለም ከሰው ደም ቀለም ጋር የሚዛመድ ሲሆን ለባክቴሪያው ኦክሲጅንን በልክ የሚያደርስ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ወይ ገና ነው ወይ አርጅቷል።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተና ያስረዳ ሄልሪገል የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ በ1886 በፈረንጆች አቈጣጠር በበርሊን ለተሰበሰቡት ሊቃውንት ነገራቸው። ሁለት ዓመት ቈይቶ ቤየሪንክ የተባለ የሆላንድ ሰው ባክቴሪያውን ለብቻው ለይቶ አወጣው። የሰው ልጅ ይኸንኑ ሥራ በፋብሪካ ለመሥራት የቻለው ሐበር በ1909 መንገዱን ካሳየ በኋላ ሲሆን፣ የሚፈጸመውም በ100 በሚቈጠር ዲግሪ ሙቀትና እጅግ በበረታ ግፊት ነው። ማገጥ ግን በነሐሴ ብርድ፣ በጭቃ ውስጥ፣ ያለ እሳትና ያለ ጭስ ያደርገዋል። ዋጋ ሳይከፍል አይደለም፤ በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር የማይናቅ እጅ ለባክቴሪያው ይከፍላልና። ስለዚህ አፈሩ በናይትሮጅን በጠገበበት ስፍራ እንዲህ ያለው ተክል እባጭ ማብቀሉን ይቀንሳል፤ በነጻ የተገኘውን መብላት ይቀላልና። በመስከረም አንዳንድ ጊዜ ከብት ማገጡን አብዝቶ ግጦ ሆዱ የሚነፋው ቅጠሉ በቀላሉ በሚሟሟ ፕሮቲን እጅግ የበለጸገ ስለ ሆነ ነው።

ሰንበሌጥ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። እባጭ የለውም። ነገር ግን በኮትዲቩዋር፣ ላምቶ በሚባለው የሣር ምድር የመረመሩ ሊቃውንት ከሰንበሌጥ ወገን የሆነው ሣር አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች በሥሩ ዙሪያ እንደሚከለክላቸው አግኝተዋል። ናይትሬት ካልሆነ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ይቈያል፤ ዝናም አያጥበውም፤ ሣሩም በዝግታ ይመገበዋል። ማገጥ ከነፋስ ያመጣል፤ ሰንበሌጥ ያለውን አያስነካም። የኢትዮጵያው ሰንበሌጥም እንዲሁ ያደርግ እንደ ሆነ በየሜዳው መመርመር የሚገባው ነገር ነው፤ ወገኑ አንድ ሲሆን ጠባዩ ሊለያይ ይችላልና።

መፀው የመሰብሰቢያ ወራት ነው፤ ለሰው ብቻም አይደለም። አደይ አበባ ከመስከረም በኋላ ቅጠሉ መገርጣት ሲጀምር ውበቱ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ የቅጠሉ ፕሮቲን እየተፈታ ወደ ዘሩ ይሄዳል። የሚሞት ተክል ነውና ለራሱ የሚያስቀርበት ምክንያት የለውም፤ ያለውን ሁሉ ለሚመጣው ዓመት ልጁ ያወርሳል። ሰንበሌጥ ግን ሥሩ ስለማይሞት ብዙውን ወደ ታች፣ ወደ ሥሩ ይመልሰዋል። ብሳና ቅጠሉን ከማርገፉ በፊት ቀለሙ ብርቱካን ሲመስል፣ አረንጓዴው ቀለም ፈርሶ ናይትሮጅኑ ወደ ቅርንጫፉ በመመለስ ላይ ነው። ዛፎች ቅጠል ከማርገፋቸው በፊት በውስጡ ከነበረው ናይትሮጅን ግማሹን ያህል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የበለጠውን፣ እንደሚመልሱ ታውቋል። ወደ ምድር የሚወድቀው ትራፊው ነው።

ስለዚህ ነው በኅዳር የታጨደ ሣር ከብትን የማያወፍረው። ድርቆሹ ብዙ ይመስላል፤ ክምሩም ያምራል፤ ፕሮቲኑ ግን ከሣሩ ወጥቶ እኩሌታው በዘር ረግፏል፣ እኩሌታው ወደ ሥር ወርዷል። ሣር ሲያብብ፣ በመስከረም፣ ቢታጨድ ይበልጥ ነበር። ገበሬው ይህን ስላላወቀ ነው ማለት ግን ድፍረት ነው፤ በመስከረም ዝናሙ ገና ስላልወጣ የታጨደው ሣር ሳይደርቅ ይሻግታል። ገበሬው ከሁለት ጕዳት አንዱን መርጧል።

በኢትዮጵያ ደጋ ሣሩ ናይትሮጅኑን ሰብስቦ በሚተኛበት በዚሁ በኅዳርና በታኅሣሥ በቀይ ባሕር ማዶ የሂጃዝ ዝናም ይጀምራል። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም ሲያገኝ ጅዳ የሚያገኘው ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያውም በየዓመቱ እኩል ተከፍሎ አይመጣም። በፈረንጆች አቈጣጠር ኖቬምበር 25 ቀን 2009 የዓመቱ ዝናም የሚያህል በጥቂት ሰዓት ውስጥ በጅዳ ላይ ወርዶ ጎርፉ ከ100 ሰው በላይ ገድሏል። በሌላ ዓመት ደግሞ ሜዳው ሳይርስ ሊያልፍ ይችላል።

በእንዲህ ያለ አገር ተክልን የሚገታው ውኃ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ጸደይ በጎጃም የሚሠራው ሥራ በዚያ ይበልጥ ጐልቶ ይታያል። ድርቀቱ ወራት ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቈያል፤ የሞተው ነገር ሳይበሰብስ በአፈሩ ይከማቻል፤ ዝናሙ በመጣ ጊዜ ወፍጮው በአንድ ጊዜ ይነሣል። በጅዳና በመካ መካከል ባሉት ደረቅ ወንዞች ዳርቻ አጭር ዕድሜ ያላቸው የዱር አበቦችና ሣሮች በቅለው፣ አብበው፣ ዘርተው በጥቂት ሳምንታት ያልፋሉ። እነዚህ ሰንበሌጥ እንደሚያደርገው በሥር አያስቀምጡም፤ ዘሩ ብቻ ይቀራል። በበኒ ማሊክ በአስፋልትና በሲሚንቶ መካከል የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ላያይ ይችላል፤ አፈሩ ተሸፍኗልና ዝናሙ ከነያዘው ወደ ባሕር ይወርዳል። ከከተማው ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ግን በወንዙ ዳር ግራር ያገኛል፤ የዚያ አገር ሰዎች ሰሙር ይሉታል፤ በአፋርና በስምጥ ሸለቆ ከሚበቅለው ጃንጥላ መሰል ግራር ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህም እንደ ማገጥ እባጭ ያለው ወገን ሲሆን ሥሩን እጅግ ወደ ጥልቅ ይሰድዳል።

ሰናመኪ በስሙ ከመካ ጋር የተያያዘ ተክል ነው፤ በኢትዮጵያም ሰው ለሆድ ማጠቢያ ያውቀዋል። ፍሬው በቈባ የተሸፈነ፣ ወገኑም ከባቄላና ከግራር ወገን ስለ ሆነ እንደ እነርሱ ከነፋስ የሚመገብ ይመስላል። አይደለም። የሰናመኪ ሥር እባጭ የለውም፤ እንደ ማንኛውም ሣር አፈሩ የሰጠውን ይበላል። ቈባ ያለው ሁሉ ምድርን ያወፍራል የሚል ትምህርት በብዙ ስፍራ ይሰማልና ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ የሚታመነው ቈባው ሳይሆን ሥሩ ነው።

በኒ ማሊክ የሚለው ስም የሰፈር ስም ብቻ አይደለም፤ ከጣይፍ በስተ ደቡብ ባሉት የሰራዋት ተራሮች ላይም በዚሁ ስም የሚጠራ የነገድ አገር አለ። በእነዚያ ተራሮች ከጣይፍ ወደ ደቡብ በተዘረጋው ከፍታ ላይ የሚበቅሉት ዛፎች ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደሉም፤ በደጋው ገዳማት ቅጥር ውስጥ ያሉት ጥድና ወይራ ናቸው። ባሕሩ በመካከል ቢሆንም ዛፉ አንድ ነው።

ጥድና ወይራ በበጋ ቅጠላቸውን አያረግፉም። የእነርሱ ብልሃት መቈጠብ ነው። ጥድ ጥቂት ናይትሮጅን በያዘ፣ ደረቅና ጠንካራ ቅጠል ረጅም ጊዜ ይሠራል፤ ለብሳና በየዓመቱ አዲስ ልብስ ሲያስፈልገው ለጥድ አሮጌው ይበቃዋል። ቅጠሉ በወደቀ ጊዜም በዝግታ ይበሰብሳል። ሥሩም ብቻውን አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋ ደረቅ ደኖች የተደረገና በ2003 በፈረንጆች አቈጣጠር የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት አገር በቀል ዛፎች እጅግ የሚበዙት በሥራቸው ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ተባብረው እንደሚኖሩ አሳይቷል። ከፀጕር የቀጠነው የፈንገሱ ክር ሥሩ ከማይደርስበት አፈር ፎስፎረስን፣ ጥቂትም ናይትሮጅንን ያመጣል፤ ዛፉም በስኳር ይከፍለዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ገርቢ ነው፤ በትግርኛ ሞሞና ይባላል። ዛፍ ሁሉ በክረምት ሲለመልም እርሱ ይራቈታል፤ ዛፍ ሁሉ በበጋ ሲራቈት እርሱ ይለመልማል። ክረምቱ ሲገባ በናይትሮጅን የበለጸገ ቅጠሉን በማሳው ላይ ያረግፋል፤ በዚያው በጸደይ መጨረሻ ወፍጮው በሚነሣበት ጊዜ ማለት ነው። ከሥሩ የተዘራው ማሽላ ቅጠሉን ይመገባል፤ ዛፉ ራቍቱን ነውና ፀሐይ አይከለክለውም። በበጋ ደግሞ ከብት ጥላና ፍሬ ፍለጋ ከሥሩ ይውላል፤ ፋንድያውንም በዚያ ይተዋል። ሥሩ እባጭ ያወጣል፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው አፈር የወፈረው በእባጩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥልቅ ሥሩና የከብቱ ፋንድያም ድርሻ አላቸው። በሐረርጌ ደጋ ፖሸን የተባለ ተመራማሪ በ1986 በፈረንጆች አቈጣጠር ባወጣው ጥናት ከገርቢ ሥር የበቀለው እህል ከሥሩ ውጭ ከበቀለው በአማካይ በ56 በመቶ በልጦ ተገኝቷል።

በጋ ናይትሮጅን ከአገር የሚወጣበትም ወራት ነው። የሚወጣው በጭስ ነው። ሜዳ ሲቃጠል በሣሩ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን በአብዛኛው ወደ አየር ይበተናል፤ ሣሩ አስቀድሞ ወደ ሥሩ የመለሰው ግን ይተርፋል። እሳቱ በመፀው፣ ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ ቢለቀቅ ጕዳቱ የሚብሰው ስለዚህ ነው። ኩበት ሲነድም እንዲሁ ነው። ከብቱ በሜዳው የሰበሰበውን ሌሊት በበረት ይጥለዋል፤ ያም ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ ይነድዳል። አመዱ ፖታሽና ፎስፎረስ ይይዛል፤ ናይትሮጅኑ ግን በጣራው ወጥቷል። የማገዶ እንጨት በታጣበት አገር ኩበት አታንድዱ ማለት ቀላል ነው፤ በምን እንጀራ እንደሚጋገር የማይነግር ምክር ግን ምክር አይባልም።

በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ያለው ደን ይህን ያህል ዘመን ሳይነጥፍ የኖረው አንደኛ ስላልተቈረጠ ነው፤ አንድም ከውስጡ የሚወጣ ጥቂት ስለ ነበረ ነው። ቅጠሉ በዚያው ይወድቃል፤ ወፉ በዚያው ይኵስ ነበር፤ ዛፉም አርጅቶ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ በዚያው ይበሰብሳል። ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቹ ጋር በ2009 በፈረንጆች አቈጣጠር ባወጣው ጥናት ከብት ከደኑ ሲከለከል ችግኝ እንደሚበረክት አሳይቷል። ከብቱ ችግኙን መርገጡና መጋጡ አንዱ ጕዳት ነው፤ ቀን በደኑ ውስጥ የጋጠውን ሌሊት በሌላ በረት መጣሉ ደግሞ ሌላ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ቅጠልን ጠርጎ ማቃጠል ነው። በዓል ሲቀርብ ቅጥሩ እንዲጸዳ ቅጠሉ ተሰብስቦ እሳት በሚለኰስበት ስፍራ፣ ዛፉ መልሶ ያልወሰደው ትራፊ ናይትሮጅን በአንድ ቀትር ይጠፋል። ከደጀ ሰላሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድና ሕዝቡ የሚቆምበት ዐውደ ምሕረት መጠረግ አለበት። የተጠረገው ቅጠል ግን በዚያው ቅጥር ውስጥ፣ በወይራውና በጥዱ ሥር ሊጣል ይችላል፤ የሰኔ ዝናም እስኪያገኘው ድረስ በዚያ ይቈያል።